አንድ ቮልት ተኩል የት ገባ?

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። እህቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ክረምት ሲገባ ከቤቷ እስከ ሥራ ቦታዋ ያለውን አጭር መንገድ በዝናብ፣ በጭጋግና በመኪና መጨናነቅ መሀል ቆማ እየሄደች ነው የምትጨርሰው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። አንድ ምሽት የፊት መብራቱ ወደ ቢጫነት ዞረ። የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ መሀል ሲደርስ ይዘገይና እንደምንም ይመለሳል። ፍሬን ስትይዝ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፤ ፍሬቻ ስታበራ ብልጭታው ይንቀረፈፋል። ጠዋት ከተረኝነት ወጥታ ቁልፍ ስታዞር ደግሞ ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ ያቃስትና ዝም ይላል። በቁልፍ ከምትነሳበት ቀን ይልቅ በግፊ የምትነሳበት ቀን እየበዛ መጣ።

መጀመሪያ የሄደችበት ጋራዥ ባትሪውን አይቶ "አልቋል" አላት። አዲስ ባትሪ ገዛች። መብራቱ ነጣ፣ ሞተሩም ቁልፍ ሲነካ መነሳት ጀመረ። ጥቂት ሳምንታት አለፉና ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። ሁለተኛው ጋራዥ "አዲስ ባትሪ እንዲህ የሚጨርሰው ዲናሞ ነው" ብሎ ዲናሞ አስቀየራት፤ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የመጣ፣ ያገለገለ ዲናሞ። እሱም ለውጥ አላመጣም። ሦስተኛው ሰው የኤሌክትሪክ ገመዱ ከነአካቴው ተነቅሎ በአዲስ ይቀየር አለ። የጠራላት ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዟ ይበልጥ ነበር።

እንዲህ ያለው አሠራር ያንገበግበኛል። አንድ ዕቃ "እሱ ይሆናል" ተብሎ ሲቀየር ገንዘቡ ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል፣ ብልሽቱ ግን ባለበት ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ አሮጌ ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው፤ ዕቃ በግምት እየቀያየሩ ለመዝለቅ አቅም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቮልት ደግሞ በሳንቲም ልክ የሚለካ ነገር ነው፤ የሚገመትበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው አንድ ተራ ቴስተርና ጫፎቹን የት፣ በምን ሰዓት እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ጠቆመን። አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። የሚሠሩበት ከቤታቸው አጥር ጋር የተያያዘ የቆርቆሮ ጥላ ነው፤ ከአንድ ጎረምሳ ረዳታቸው ጋር ይሠራሉ። ኮፈን ክፈቱ ከማለታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

"ልጄ፣ የሚብስባት መቼ ነው?"

"ማታ ነው ጋሼ። ዝናብ ሲሆን፣ መንገድም ሲዘጋ።"

"ቀን ቀንስ?"

"ቀን ደህና ናት። ጠዋት አልነሳም ከማለቷ በቀር።"

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታ፣ ዝናብና የተዘጋ መንገድ ማለት መብራት፣ መጥረጊያና ማራገቢያ ባንዴ በርተው ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት ሰዓት ማለት ነው። ብልሽቱ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚወጣ ዓይነት መሆኑን ቴስተሩን ሳይነኩ ከእሷ አፍ ሰሙ። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ቆይቶ ነው፤ ያኔ ወግ የያዙ መስሎኝ ነበር።

ኮፈኑ ተከፈተ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጋሼ ወዲያው አልለኩም። ረዳታቸውን የፊት መብራቱን እንዲያበራ አዘዙት፤ ትንሽ ቆይተው አስጠፉት፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ጠበቁ። ከመንገድ ገና የገባ ባትሪ ላዩ ላይ የቀረ ቻርጅ ስለሚኖረው ከእውነተኛ አቅሙ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ያን መጀመሪያ ማራገፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቩ ምሰሶ ላይ አሳረፉ። 12.2 ቮልት።

የመኪና ባትሪ ውስጥ በተርታ የተያያዙ ስድስት ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 አካባቢ ይሆናሉ። እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ያገናኘው ይህ ባትሪ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 ከፈለሰፈው ወዲህ መሠረታዊ ኬሚስትሪው አልተለወጠም። በዚህ ሚዛን 12.6 ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ፣ 11.8 ደግሞ ባዶ ማለት ይቻላል። በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ "12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው" የሚለው አባባል በጣም አሳሳች ነው። የእህቴ ባትሪ አዲስ ነው፤ ግን ግማሽ ሆዱን ነው ያለው። የሚሞላው አጥቷል።

ሞተሩ እየተጎተተ ተነሳ። መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ማራገቢያው ዘግቶ፣ ባትሪው ላይ ሲለካ 13.7 ቮልት መጣ። ረዳቱ "ቻርጅማ ታደርጋለች" አለ። ልክ ነው፤ የቀደሙት ጋራዦችም ያዩት ይህንኑ ይሆናል። ዲናሞ የሚሞላው ባትሪ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 የሚጠበቅ ስለሆነ 13.7 ሲያዩ ማንም ብዙ አይደነግጥም።

"በል አሁን ያለውን ሁሉ አብራ" አሉት ጋሼ። የፊት መብራቱ በረዥሙ በራ፤ መጥረጊያው፣ ማራገቢያው፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያው ተከተሉ። እህቴ ቤንዚን እየሰጠች ሞተሩን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ቁጥሩ ወረደ፤ 12.6 ላይ ቆመ። እግሯን ስታነሳና ሞተሩ በዝግታ ሲዞር 12.1 ሆነ። ይሄኔ ባትሪው መሞላቱን ትቶ ራሱ እየከፈለ ነው። ማታ ማታ በተዘጋ መንገድ ላይ ሲሆን የነበረው ይኸው ነው፤ የሌሊቱ ወጪ ከቀኑ ገቢ በለጠ፣ ጠዋት ሞተሪኖው የሚበላው ታጣ።

እዚህ ላይ ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልበል። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ ከእሱ በብዙ ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልት 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይጎድላል። 13.9 ማግኘት የነበረበት አምፖል 12.1 ሲደርሰው የሚሰጠው ብርሃን ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በዝናብ፣ በጨለማ፣ እግረኛ መሀል መንገድ በሚያቋርጥበት ከተማ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። እህቴ አንድ ሌሊት ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ኮፈኗ ስር ሊገባ ሲል ያየችው በመጨረሻዋ ሰከንድ ነበር። ይህን የነገረችኝ ያን ቀን እዚያው ጋራዥ ቆመን ነው።

አብዛኛው ሰው 12.1 ካየ "ዲናሞው ደከመ" ይላል። ምክንያትም አለው። የድሮ ቮልስ የነዱ ሰዎች መኪናዋ ቆማ ስትንቀራፈፍ መብራቷ እየደበዘዘ፣ ቤንዚን ሲሰጣት እየፈካ ሲሄድ ያስታውሳሉ፤ የዚያ ዘመን ዲናሞ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ክራይስለር ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት፣ ተለዋዋጭ ኮረንቲ አመንጭቶ በዳዮድ የሚያቀናውን ዲናሞ መደበኛ ዕቃ ካደረገው ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በዝግታ የመድከሙ ችግርም በብዙ ቀነሰ። እንደዚያም ሆኖ ቺንጋ ከላላ፣ ካርቦን ካለቀ ወይም ዳዮድ ከተቃጠለ ዲናሞ ይደክማል። ጋሼ ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ውጥር ነው። ከዚያ ያደረጉትን ግን ከእሳቸው በፊት ያየው ማንም አላደረገም። የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ከባትሪው አንስተው ወደ ዲናሞው ወሰዱ፤ ቀዩን ኮረንቲ በሚወጣበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን በዲናሞው ገላ ላይ። ሁሉም እንደበራ ነው፣ ሞተሩም ከፍ እንዳለ ነው።

14.1 ቮልት።

ረዳቱ ቀና ብሎ አያቸው። ዲናሞው ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው። ከዲናሞው 14.1 ወጥቷል፣ ባትሪው ጋ የደረሰው 12.6 ነው። አንድ ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1845 ጉስታቭ ኪርሆፍ ገና የኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ያወጣው ሕግ አለ። ኮረንቲ ዞሮ በሚመለስበት መንገድ ላይ ምንጩ የሰጠው ቮልት በየቦታው ከወጣው ድምር ጋር እኩል ነው፤ አንዲት ክፍልፋይ አትተርፍም፣ አትጎድልም። ጋሼ የኪርሆፍን ስም ይወቁት አይወቁት አልጠየቅኳቸውም፤ ሲሠሩ ግን ያዩት የነበረው ይህን ሒሳብ ነው። አንድ ተኩሉ ቮልት ሊቀር የሚችለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ወይ ከዲናሞው ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ በሚሄደው ገመድ ላይ፣ ወይ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ዲናሞው በሚመለሰው መንገድ ላይ። ሌላ መንገድ የለም።

ቀዩን ጫፍ ዲናሞው ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ አደረጉ። 0.3 ቮልት። ጥሩ አይደለም፤ ግን ወንጀለኛው እሱ አይደለም። ቀጥለው ቀዩን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የዲናሞው ገላ ላይ አሳረፉ። ሁለቱም ማሳ፣ ማለትም የኮረንቲው መመለሻ፣ ናቸው፤ በመካከላቸው ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው መታየት ያለበት። 1.2 መጣ።

ደመርኩት። 12.6፣ 0.3፣ 1.2። ልክ 14.1። የተሰረቀው ቮልት ያለበት ቦታ ሳይፈታ፣ ሳይነቀል፣ ሳይገዛ ታወቀ። የዚህ ሙያ ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

ለምን ዲናሞው ራሱ ይህን እንዳላስተካከለው ጠየቅኳቸው። ውስጡ ያለው ሬጉሌተር ቮልቱ ሲወርድ ለሚሽከረከረው ማግኔት የሚሰጠውን ኮረንቲ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል። ግን የሚለካው ከራሱ ገላ አንጻር ነው። በገላውና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለው መንገድ ሲበላሽ ሬጉሌተሩ የሚያይበት ዓይን የለውም፤ ለእሱ ሁሉ ነገር 14.1 ነው፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ባትሪው እየተራበ፣ መብራቱ እየደበዘዘ፣ ዲናሞው ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያርፋል። አዲስ ዲናሞ ቢገጠምም እንዲሁ ነው የሚያስበው።

በመኪና ውስጥ ኮረንቲ የሚሄደው በገመድ ነው፤ የሚመለሰው ግን አብዛኛውን መንገድ በብረቱ ነው። የመብራቱ፣ የመጥረጊያው፣ የማራገቢያው ማሳ ሁሉ ከቦዲው ጋር ይታሰራል። ሞተሩ ደግሞ ከቦዲው ጋር በጎማ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ንዝረቱ እንዳይተላለፍ። ጎማ ኮረንቲ አያሳልፍም። ስለዚህ ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነስቶ ወደ ካምቢዮው ወይም ወደ ሞተሩ የሚሄድ አንድ ወፍራም ገመድ፣ ወደ ቦዲው ደግሞ አንድ ቀጭን ገመድ አለ። ዲናሞው ለመኪናው ሁሉ የሚያድለው ኮረንቲ ወደ ዲናሞው የሚመለሰው በዚያ ወፍራም ገመድ ነው። ማንም ልብ አይለውም፤ ጥቁር ነው፣ ከባትሪው ስር ነው፣ ጭቃ ለብሷል።

ረዳቱ የቴስተሩን ማዞሪያ ወደ ድምፅ አዞረና አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ አንዱን በካምቢዮው ላይ ነካ። ጲጵ አለ። "ገመዱ ደህና ነው ጋሼ፤ ይገናኛል።"

"ይገናኛልማ" አሉ ጋሼ። "ገመድ ሸክም ካልተንጠለጠለበት መመንመኑ መቼ ይታወቃል? ሞተሩ በጠፋ ጊዜ ምን ጠይቀኸው ነው የሚመልስልህ?"

ቴስተሩ የሚጮኸው በመካከሉ ያለው እንቅፋት አሥር፣ ሃያ ኦም ቢሆንም ጭምር ነው። እዚህ የምንፈልገው ግን 0.03 ኦም የሚያህል ነው፤ ከቴስተሩ ከራሱ ገመዶች እንቅፋት እንኳ የሚያንስ። በኦም መለኪያ አይታይም። ግን 40 አምፔር ሲያልፍበት 0.03 ሲባዛ በ40፣ 1.2 ቮልት ይበላል። በሞተሪኖ ጊዜ 100 አምፔር ሲያልፍበት ደግሞ 3 ቮልት። ትንሹን እንቅፋት የሚያወጣው ትልቁ ኮረንቲ ነው።

ኮረንቲና እንቅፋት ሲባዙ የሚቀረውን ቮልት ይሰጣሉ የሚለውን ሕግ ያወጣውን ጌኦርግ ኦምንም መጀመሪያ ያስቸገረው የኮረንቲ ምንጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አጋማሽ በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ሳለ ሽቦዎችን በቮልታ ዓይነት ባትሪ ይፈትን ነበር፤ ባትሪው ግን ኮረንቲ በተወሰደበት ቁጥር ይደክምና ልኬቱን ያፋልስበታል። ፖገንዶርፍ የተባለው ሳይንቲስት በመከረው መሠረት ባትሪውን ትቶ መዳብና ቢስመት ተገጣጥመው አንደኛው ጫፍ በፈላ ውሃ፣ ሌላው በበረዶ ውስጥ ሲሆኑ የሚፈጠረውን ደካማ ግን የማይናወጥ ቮልት ተጠቀመ። ቁጥሮቹ ያኔ ተደላደሉ፤ መጽሐፉንም በ1827 አሳተመ። ምንጩ የያዘውና ጭነቱ ላይ የሚደርሰው ቮልት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ልዩነታቸውም በመንገዱ እንቅፋትና በሚያልፈው ኮረንቲ ልክ መሆኑን ከሁሉ በፊት በቁጥር ያየው እሱ ነው። የእህቴ ኮሮላ በሽታ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

ጋሼ ወደ ሞተሪኖው ፈተና እየተዘጋጁ ሳለ እህቴ፣ እንደዋዛ፣ አንድ ነገር ተናገረች።

"ጋሼ፣ በዚያውም ቤንዚን መስጫውን ቢያዩልኝ። ከክረምቱ ወዲህ ፔዳሉ ከብዶኛል፤ አንዳንዴ ተጭኜው አይመለስም።"

እጃቸው ቆመ። "ቅድም ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሱ ምን አገናኘው ብዬ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይደለ።"

የኮይሉን ሶኬት ነቀሉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ሞተሪኖው ብቻ እንዲዞር። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ያዙ። እህቴ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሪኖው እያቃሰተ ዞረ። 2.9 ቮልት። ጫፎቹን በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ አድርገው ደገሙት፤ 10.6። ባትሪው እንግዲህ አልወደቀም፤ ጤነኛ ባትሪ በዚያ ሰዓት ከ10 በላይ ከያዘ ጥሩ ነው። ከ10.6 ላይ ግን 2.9 በማሳው መንገድ፣ ትንሽ ደግሞ በፖዘቲቩ ገመድ ቀርቶ ሞተሪኖው የሚደርሰው ሰባት ተኩል ቮልት እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዚያ ጋሼ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የአክሰለሬተሩን ገመድ ያዙ። ወዲያው ለቀቁት። "ንካ" አሉኝ። ነካሁት። ከቦዲው ወጥቶ ወደ ሞተሩ የሚገባው ያ ቀጭን የብረት ገመድ ትኩስ ነበር። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን የዞረው ሞተሪኖ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ከሞተሩ አልመጣም።

ኮረንቲ ዋናው መንገዱ ሲጠብበት ሌላ ይፈልጋል። በሞተሩና በቦዲው መካከል ብረት ለብረት ከሚገናኙት አንዱ ይህ የአክሰለሬተር ገመድ ነው። ቁልፍ በዞረ ቁጥር ሞተሪኖው የሚጎትተው ኮረንቲ ከፊሉ በእሱ ሲያልፍ ኖሯል። ገመዱ የተሠራው እግር ሊጎትተው ነው፤ አምፔር ሊሸከም አይደለም። እየጋለ፣ ውስጡ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ እየቀለጠ፣ ፔዳሉን አከበደው። ተጭነውት የማይመለስ ቤንዚን መስጫ ከደበዘዘ መብራት የባሰ አደጋ ነው። ሁለቱ ችግሮች የአንድ ብልሽት ሁለት መልኮች መሆናቸውን ማንም አላያያዘም፤ አንዱን የሚያየው ኤሌክትሪሺያን፣ ሌላውን የሚያየው መካኒክ ስለሆነ ይመስለኛል።

አሁን የቀረው ማረጋገጥ ነበር። ጋሼ መኪና ማስነሻ ገመዳቸውን አመጡና አንዱን መቆንጠጫ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ነከሱት፤ አሮጌውን ማሳ ሳይነኩ በጎኑ አዲስ መንገድ ከፈቱ ማለት ነው። የኮይሉ ሶኬት ተመለሰ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ባንዴ ተነሳ። ሁሉም በርቶ ነበር፤ ከጥላው ግድግዳ ላይ ያረፈው ብርሃን ነጭ ሆነ፣ መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ላይ እየጮኸ ይመላለስ ጀመር። ባትሪው ላይ 13.7። ጋሼ መቆንጠጫውን ነቀሉት፤ 12.6፣ ብርሃኑም ወረደ። መልሰው ነከሱት፤ ነጣ። እህቴ አፏን በእጇ ያዘች።

ያ ወፍራም ገመድ ሲፈታ ከውጭ የሚያስነውር ነገር አልነበረበትም። ከካምቢዮው ጋር የታሰረበት ብሎን ዝገት ለብሷል፤ እሱ ይጠረጋል። ጋሼ ገመዱን ከጫፉ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብለው ጎበጥ ሲያደርጉት ግን ውስጡ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። በምላጭ ልጡን በረዥሙ ሰነጠቁት። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ሲነካ ዱቄቱ መዳፋቸው ላይ ረገፈ፤ ከብዙዎቹ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች መካከል ቀላቸውን እንደያዙ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የባትሪ አሲድና የክረምት እርጥበት ከልጡ ስር ሾልከው ገብተው ዓመታት ሲበሉት ኖረዋል። ለቴስተሩ ጲጵታ የቀሩት ክሮች በቂ ናቸው፤ ለ100 አምፔር ግን አይበቁም።

ጥገናው ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። በልኩ ወፍራም የመዳብ ገመድ ተቆረጠ፤ ጫፎቹ ላይ ቀለበት ተጨምቆ ተበየደ። የሚያርፍበት ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ተፋቀ፣ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ግራሶ ተቀባ። ጋሼ ከሞተሩ ወደ ቦዲው ተጨማሪ አንድ ማሳ ጨመሩ፤ አሮጌ መኪና ላይ ቢጨመር እንጂ ቢቀነስ አይወዱም። የፖዘቲቩም ጫፎች ጸዱ። ሁሉም በርቶ ሲለካ በማሳው መንገድ የሚቀረው ከ0.1 በታች ሆነ፤ ባትሪው ላይ 13.9 ቆመ። የአክሰለሬተሩ ገመድ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ውስጡ ስለቀለጠ ሌላ ተገዝቶ መቀየር ነበረበት። ከዚያ ቀን ወጪ ሁሉ ውዱ እሱ ሆነ፤ ቢሆንም ዲናሞውን የሚያህል ዋጋ አልነበረውም።

እህቴ ልትነሳ ስትል ጋሼ ከለከሏት። ለሳምንታት ግማሽ ሆዱን የቆየ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርበታል፤ በዲናሞ ጥድፊያ ተሞልቶ በቶሎ ወደ ሙሉ አቅሙ አይመለስም። በቻርጀር፣ በአራት አምስት አምፔር፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ መሞላት አለበት። ባትሪው እዚያው አደረ። በማግስቱ ተነቅሎ ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ሰጠ፤ ጭነት ሲጫንበትም አልወደቀም።

የተቀየረው የመጀመሪያ ዲናሞ ጉዳይ ግን ቀረ። ሁለተኛው ጋራዥ አሮጌውን ለራሱ አስቀርቶ ነበር፤ ስትጠይቅ "ተጥሏል" አሏት። ዛሬ በሌላ ሰው መኪና ላይ እየሠራ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ወዲህ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ተጠቅልሎ ከመኪናዋ ኋላ ይገባል።

ሌላም ነገር ገዝታለች፤ ሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ፣ ቮልት የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ። መንገድ ተዘግቶ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ሁሉም በርቶ 13.6 ያሳያታል። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ያየች ቀን ወደ ሶማሌ ተራ ሳይሆን ወደ ጋሼ እንድትደውል ተነግሯታል።